አጣርተው ይላኩልኝ

ጹኩባ፣ ጃፓን
ማርች 4፣ 2012

ለውድ ታታ ፒሎ፣

የእርስዎንም የናና ሳሊንግንም እጅ ከሩቅ ይዤ ግንባሬ ላይ አድርጌያለሁ፤ ከዚያ ሆናችሁ ባርኩኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን ከሰውነት ተራ አውጥቶኛል። ናና የሠራችልኝን ሹራብ ለብሼ፣ በላዩ ካፖርት ደርቤ፣ እንደገና ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የማነበው።

ብደውል ይሻል ነበር። ግን ሁለተኛውም ስልክዎ ከጀልባ ላይ ተንሸራቶ ሐይቅ ገባ፣ ሦስተኛ አልገዛም ብለው ማሉ የሚል ወሬ ደርሶኛል። እንግዲህ እኔም እንደ ድሮ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የአባቴ የአጎት ልጅ ሆነው ሳለ እንደ አባት ያሳደጉኝ እርስዎ፣ እንደ እናትም ባለቤትዎ ናና ናችሁና ጉዳዬን በሰው ስልክ ማስተላለፍ ደስ አይለኝም።

ለመሆኑ ሐይቁን የሚሸፍነው አረንጓዴ ሊያ ዘንድሮ ጀመረው? እዚህ የምማረው ስለ እሱ ነው። አይሳቁ! ልጅ ሆኜ ናና ከክንዴ ላይ በሳሙና ፈትጋ ታስለቅቀው የነበረውን ነገር ላጠና ነው ባሕር ያቋረጥኩት። ሊያ ቅጠል አይደለም ታታ፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ጥርቅም ነው። አንዳንዱ መርዝ መሥራት ይችላል። የመርዙ አሠራር በውስጡ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዘረመል የሚባለው እሱ ነው። ግን ተጽፏል ማለት ሁልጊዜ ይነበባል ማለት አይደለም። ገልጦ የሚያነብበት ጊዜ አለ፣ ከድኖ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። መቼ ነው የሚገልጠው? ይህንን ነው የማሳድደው። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ብቀጥል ናና ታዛጋለች።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እዚህ ሁሉም የጃፓንን ሐይቅ ያጠናል፤ እኔ የማውቀው የእኛን፣ ማኒላ አጠገብ ያለውን ነው። በዚህ ካርቶን ስድስት ባዶ ጠርሙስ ልኬያለሁ። ሦስቱን ሐይቁ ላይ ዓሣ ከሚያረቡበት አጥርዎ ውስጥ፣ ሦስቱን ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ድንጋይ አጠገብ ይሙሉልኝ። የት እንደተቀዳ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ፣ ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር ይጻፉልኝ። አደራ ታታ፣ ለትምህርቴ ትልቅ ነገር ነውና በደንብ አጣርተው ይላኩልኝ።

ልጅዎ ዌንግ


ታሊም ደሴት
ማርች 19፣ 2012

ልጄ ዌንግ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ከብርድም ከጃፓን ጎረምሶችም ይጠብቅሽ። እኛ አለን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ይነግረኛል፤ ናናሽ እንደ ልማዷ ጉልበቴን አታምነውም።

የስልኩን ነገር ወሬ አቀባዮችሽ አበላሽተውታል። አልተንሸራተተም። በቀኝ እጄ አንድ ትልቅ ካንዱሊ ዓሣ ይዣለሁ፣ በግራ እጄ ስልክ ይዤ የሰፈራችን ሹም ካፒታን ዳሪዮ ይጨቀጭቀኛል። አንዱን መልቀቅ ነበረብኝ። ዓሣውን በልተነዋል።

የሚጨቀጭቀኝ በሊያው ነው። አንቺ በሌለሽበት፣ ባለፈው ጁን፣ አርባ ሦስት ዳክዬ በአንድ ሳምንት አለቁብኝ። ጠዋት ዳርቻው ላይ ወርጄ ሳይ አንገታቸውን ውሃው ላይ ዘርግተው ተኝተዋል። አልቅሻለሁ፤ ለናናሽ ጉንፋን ነው አልኳት። ሰው የሚያዝንልኝ መስሎኝ ነበር። የት አባቱ! «ሊያውን ያመጣው የፒሎ ዳክዬ ኩስ ነው» ተባለ። ሞተውብኝ እኔው ተከሳሽ ሆንኩ። ዳሪዮም ማንም ከዳርቻው ውሃ እንዳይታጠብ፣ እንዳያጥብ፣ እንዳይቀዳ አገደ። ይኸው ሴቶቹ ኮረብታው ላይ ካለው የእጅ ፓምፕ እየቀዱ በደጄ ሲያልፉ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ወደ ቤቴ ያያሉ። ጎረቤታችን አሊንግ ኮርዲንግማ «ፒሎ፣ ወገቤን ለዳክዬዎችህ ገበርኩ» አለችኝ። ያውም እየሳቀች አይደለም።

ስለዚህ ውሃውን ስትመረምሪ የእኔንም ነገር አስቢበት። ሐይቁ ነጻ ከወጣ እኔም ነጻ ወጣሁ።

ጠርሙሶቹን እንዳዘዝሽው ሞልቻለሁ፤ ሰዓቱንም ነፋሱንም ጽፌያለሁ። አደራሽን ደግሞ ከልቤ ነው የያዝኩት። በደንብ አጣርቼ ነው የላክሁልሽ፤ ሁለት ሁለት ጊዜ።

ታታሽ ፒሎ

ዌንግ፣ ናናሽ ነኝ። የኮኮናት ወተት የማጠልበትን ጨርቅ ታታሽ ወስዶብኛል። ለምን ስለው «የትምህርት ጉዳይ ነው፣ አይገባሽም» ይለኛል። ሹራቡን አታውልቂ።


ጹኩባ
ኤፕሪል 17፣ 2012

ለውድ ታታ ፒሎ፣

ይባርኩኝ ታታ፣ ናናም ትባርከኝ። በዳክዬዎቹ በጣም አዝኛለሁ፤ ያን ጉንፋን እኔም ይዞኝ ነበር ደብዳቤዎን ሳነብ። የናና ጨርቅ የት እንደዋለ ገብቶኛል፤ ጠርሙሶቹን ወልውለው ወልውለው እንደ መስታወት አብርተዋቸዋል።

አሁን ዝርዝሩን ልንገርዎት፣ ካልነገርኩ እፈነዳለሁ። ሊያው ባለበት ውሃ ውስጥ እየዘለሉ የሚሄዱ ትንንሽ የውሃ ቁንጫዎች አሉ፤ ሊያውን ይግጡታል። እኔ ከእርስዎ ውሃ ያገኘሁትን ሊያ ሦስት ብርጭቆ ውስጥ አራባሁት። አንደኛው ውስጥ ሊያው ብቻውን ነው። ሁለተኛው ውስጥ ከዚህ አገር ሐይቅ ያመጣሁትን ቁንጫ ጨመርኩበት። ሦስተኛው ውስጥ ቁንጫ የለም፤ ቁንጫዎች የኖሩበትን ውሃ ብቻ ነው ያፈሰስኩበት። ከዚያ የመርዙ ጽሑፍ ምን ያህል እየተነበበ እንደሆነ ለካሁ።

ብቻውን ያለው ተኝቷል ማለት ይቻላል። ቁንጫ የገባበት በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ድርብ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ሦስተኛውስ? ታታ፣ ሽታቸው ብቻ በቃው! ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይገጠው፣ ሊበሉኝ መጡ ብሎ መርዙን መሥራት ጀመረ። ይህቺ ደቃቅ ነገር ዓይን የላት፣ አንጎል የላት! ቀኑን ሙሉ ወንበር አልያዘኝም፤ ፕሮፌሰር ናካሺማ «ወይ ተቀመጪ ወይ ውጪ» አሉኝ።

የእርስዎ ውሃ ደግሞ የባሰ አስገረመኝ። በስድስቱም ጠርሙስ ውስጥ አንድም የውሃ ቁንጫ የለም። በአጉሊ መነጽር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁ። የሚግጠው ስለሌለ የእኛ ሊያ መርዙን ከድኖ ተኝቷል ማለት ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው መርዝም ጥቂት ነው። ካፒታን ዳሪዮ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል። ግን አደራ፣ ሁለተኛ ዙር ውሃ ሳላይ ማንም እንዳይቸኩል። ሊያው በሚበረታበት በሜይ መጀመሪያ ልክ እንደ በፊቱ አድርገው ስድስት ይላኩልኝ።

ልጅዎ ዌንግ


ታሊም ደሴት
ሜይ 5፣ 2012

ልጄ ዌንግ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ አባትሽ በሕይወት ኖሮ ይህን ቢያይ ምን ያህል ይንጠባረርብን እንደነበር አስቢው።

ደብዳቤሽን እሑድ ጸሎት ቤት አነበብኩት። ቀዳሹ ፓድሬ «ማስታወቂያ ያለው አለ?» ሲል ብድግ አልኩ። መነጽሬን ረስቼ የናናሽን አድርጌ ነው ያነበብኩት፤ ቢሆንም አንድ ቃል አላመለጠኝም። «ሽታቸው ብቻ በቃው» የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ አንዱ «እንደ እኔ አማት ነው በለኛ! ገና ሽታዬ በር ላይ ሲደርስ መርዟን ታዘጋጃለች» አለ። አማቱ ደግሞ ከፊቱ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። ቅዳሴው እንዲያ ሆኖ አለቀ።

ዋናው ነገር ግን አንድም ነፍሳት አላገኘሁም ያልሽው ነው። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ንጹሕ ነው አላልኳችሁም? አልኳቸው። አሊንግ ኮርዲንግ መሬት መሬት አየች።

ናናሽ በማግስቱ ልብሷን በራሷ ተሸክማ ማጠቢያው ድንጋይ ጋ ወረደች። «የዌንግ ቃል ይበቃኛል» አለች፤ ወገቧ ድረስ ገብታ አጠበች፣ ሩዟንም እዚያው አጥባ መጣች። ሁለተኛውን ውሃ እንጠብቅ ተብሏል ብላት «እኔ ያሳደግኳት ልጅ አትሳሳትም» ብላ ዘጋችኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትወርዳለች፤ ሌሎቹም አንድ ሁለት እያሉ ተከትለዋታል። ለሰላምታ እንኳ ልትጽፍልሽ አልቻለችም፤ እጇ ሳሙና ነው።

ዳሪዮ ግን ወረቀት ይፈልጋል። በሐይቁ ውሃ የምንራጭበት የሳን ሁዋን በዓል ጁን 24 ነው፤ ባለፈው ዓመት ሰው በደረቁ ነው ያከበረው፤ አንድ ኩባያ ውሃ እንኳ የረጨ አልነበረም። «ዌንግ ማኅተም ያለው ወረቀት ከላከች ለሳን ሁዋን ሐይቁን እከፍተዋለሁ፤ ያለዚያ አልከፍተውም» ብሏል። እንግዲህ ልጄ፣ የእኔም ስም የሰፈሩም በዓል በእጅሽ ነው። ውሃውን በዚህ ካርቶን ልኬያለሁ። ልክ እንደ በፊቱ አጣርቼዋለሁ፤ እንዲያውም የዘንድሮው ሊያ ወፈር ስላለ ሦስት ጊዜ።

ታታሽ ፒሎ


ጹኩባ
ሜይ 27፣ 2012

ለውድ ታታ ፒሎ፣

እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌያለሁ፤ ይባርኩኝ። ዛሬ በረከት እፈልጋለሁ።

ሁለተኛው ካርቶን በደህና ደርሷል። ውጤቱ ያው ነው፤ ሊያው አለ፣ መርዙ ጥቂት ነው፣ ጽሑፉም ተከድኗል። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ማኅተም የለውም። ፕሮፌሰር ናካሺማ «አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሐይቅ አይደለም» ብለው እምቢ አሉኝ። ለምኜ ለምኜ ሲያቅተኝ እኔው ፈረምኩበት። «በደረሱኝ አሥራ ሁለት ጠርሙሶች ውስጥ ለሚታጠብ ሰው የሚያሰጋ መርዝ አላገኘሁም» ይላል። ከዚያ በላይ እንዳያስብሉት።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ከፈረምኩ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። ሩዝ እጥዳለሁ፣ ትቼው እወጣለሁ፣ ያርራል። ጁን 18 ኪዮቶ ላይ በብዙ ሰው ፊት ይህንኑ ላቀርብ ነው። «ማንም የማይግጠው ሊያ» ብዬዋለሁ፤ ርእሱን ሰው ሁሉ ወዶታል። ታዲያ እኔን ምን ያቅበጠብጠኛል? ይህን ያህል ሊያ ባለበት ሐይቅ በአሥራ ሁለት ጠርሙስ አንድ ቁንጫ እንዴት ይጠፋል? የአጥሩ ዓሣ በልቶት ነው ልበል፤ ከአጥሩ ውጭስ? ሊያው ተኝቶ ከሆነስ አርባ ሦስት ዳክዬ ምን ገደለ? ታታ፣ ውሃውን ሲቀዱ ነጭ ነጥብ የመሰለ፣ የሚዘል ነገር አይተው ያውቃሉ? እባክዎ ለዚህች ጥያቄ ብቻ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ናናስ? ሳሙናው እስካሁን አልደረቀም?

ልጅዎ ዌንግ


ታሊም ደሴት
ጁን 7፣ 2012

ልጄ ዌንግ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እረፍትም ይስጥሽ።

ወረቀትሽ ጸሎት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ዳሪዮ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኖታል። ማኅተም ባይኖረውም «ጃፓን» የሚለውን ሲያይ ልቡ ራደ። ሐይቁ ለሳን ሁዋን ይከፈታል ብሎ አውጇል። ጀልባዎቹ እየተቀቡ ነው፤ ከማኒላ የሚመጡ ዘመዶች እስካሁን ቆጥረን አልጨረስንም። ሕፃናቱ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚዘፍቅ ከአሁኑ እየተጣሉ ነው።

ስለ ቁንጫው የጠየቅሽኝ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። ልጄ፣ ታታሽን ምን አድርገሽ ነው የቆጠርሽው? ቁንጫውማ ሞልቷል! አንድ ጣሳ ስትቀጂ እንደ ሩዝ ፍርፋሪ ይራወጣል። ዘንድሮ እንዲያውም ብሶበታል። ግን ለሰው አገር፣ ለፕሮፌሰር ቤት፣ ነፍሳት የሚርመሰመስበት ውሃ ይላካል? ጠርሙሱን ከፍተው ቢያዩ ያሳደገሽን ቤት ምን ይሉታል? አጣርተው ይላኩልኝ አልሽ፣ አጣርቼ ላክሁ። በናናሽ የኮኮናት ጨርቅ ነው ያጠለልኩት። ጨርቁ ላይ የቀረውን ቁንጫም፣ ጓል ጓሉን ሊያም እያራገፍኩ ለሐይቁ መልሼለታለሁ። አንድም አላገኘሁም ብለሽ ስትጽፊ እንዴት እንደኮራሁ አታውቂም።

ናናሽ ደህና ናት። ሙቀቱ ትንሽ ተጫጭኗት ጋደም ብላለች። ሹራብሽን ልበሺ ብላለች።

ታታሽ ፒሎ


ጹኩባ
ጁን 14፣ 2012

ታታ ፒሎ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩልኝ። ይባርኩኝና ይህን ያንብቡ።

ማንም ሰው ውሃው ውስጥ እንዳይገባ። ሳን ሁዋን ሐይቁ ውስጥ እንዳይከበር። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ዛሬውኑ ቀድደው ይጣሉት። ሩዝ አይታጠብበት፣ ሕፃን አይነከርበት፣ የቀሩ ዳክዬዎች ካሉም ያውጧቸው።

እኔ «አጣርተው» ያልኩት ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ነፋሱን አረጋግጠው ማለቴ ነበር። ውሃውን አጥልሉት ማለቴ አልነበረም። ጨርቁ ያስቀረው ስፈልገው የነበረውን ነገር ነው። ቁንጫዎቹን አስቀረ፤ መርዙ የሚበዛበትን ትልልቁን የሊያ ጓልም አስቀረ። እኔ ዘንድ የመጣው ከጨርቁ ያመለጠው ደቃቁ ነው፤ እሱም የሚግጠው አጥቶ፣ ሽታቸው ጠፍቶለት፣ ሳምንት ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ነው የደረሰኝ። እኔም ሐይቁ ተኝቷል አልኩ። ሐይቁ አልተኛም ታታ! ቁንጫው ብሶበታል ብለውኛል፤ ቁንጫው ሲብስ ሊያው ምን እንደሚያደርግ በገዛ ብርጭቆዬ አይቻለሁ።

ካፒታን ዳሪዮ ጋ ሰባት ጊዜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ሌሎቹም ጋ ሞከርኩ፣ አያነሱም። ሁለት ጊዜ መልእክት ላክሁ። ይህን ደብዳቤ ፈጣን በተባለው ልኬዋለሁ፤ ግን ቀን እየቆጠርኩ ነው። የኪዮቶውን ንግግር ሰርዣለሁ። ለፕሮፌሰር ናካሺማ ውሃው እንዴት እንደተቀዳ ሳልጠይቅ ቀረሁ ብዬ ነገርኳቸው፤ ሌላ ምንም አላልኩም። 

ናና ስንት ቀን ውሃው ውስጥ ቆመች? ሙቀት ነው ያሉኝን አላመንኩም፤ ናና በሙቀት ተኝታ አታውቅም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል? ሽንቷ ጠቁሯል? እንደዚያ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ጥለው ሐኪም ቤት ይውሰዷት። የዌንግ ቃል ይበቃኛል ብላ ነው የገባችው። ይህ እንቅልፍ ነሥቶኛል፣ ምግብ ከልክሎኛል፤ እፈራለሁ ታታ፣ በጣም እፈራለሁ።

ይህን ለሰዉ ያንብቡላቸው፤ ከእርስዎ አፍ ካልሰሙ አያምኑም። ጥፋቱን በእኔ ላይ ያድርጉት። ጃፓን ያለችው ልጅ ሳታውቅ ፈረመች፣ አሳሳተችን ይበሏቸው። እኔ ሩቅ ነኝ፤ እርስዎ ግን በየቀኑ በመካከላቸው ነው የሚያልፉት።

ዌንግ


ታሊም ደሴት
ጁን 27፣ 2012

ልጄ ዌንግ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ። በቅድሚያ ናናሽ በሕይወት አለች፣ አጠገቤ ተቀምጣ ሾርባ እየጠጣች ነው። አሁን ቀሪውን አንብቢ።

ሙቀት ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ጁን 3 ቀን ማስመለስ ጀመራት፤ ደብዳቤውን የጻፍኩልሽ ቢናንጎናን ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ዓይኗ ቢጫ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ተኛች። ሐኪሙ ጉበቷ ተጎድቷል አለኝ፤ ከውሃው ነው ለማለት አልደፈረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፣ መልሱን ፈርቼ ነው። ለአንቺም ያልጻፍኩት ለዚያው ነው። በአሥራ አምስት ቀን መልሳችሁ አምጧት ተብያለሁ። ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ዳሪዮ መልእክትሽን አይቶታል። «ዌንግ ነኝ፣ አስቸኳይ ነው» የሚል ነገር ከማያውቀው የውጭ ቁጥር ሲመጣለት፣ ቀጥሎ ካርድ ላክልኝ ልትለኝ ነው ብሎ ቀሪውን ሳያነብ አጠፋው። አጭበርባሪ ነው ብሎ ለሰው ሁሉ እንዳያነሱ አስጠንቅቋል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዓርብ፣ ጁን 22 ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ጀልባ መቆሚያው ላይ ባንዲራ ይሰቅል ነበር። ልጆቹ የመዋኛ ልብሳቸውን ሁለት ቀን ቀድመው ለብሰዋል። እኔ ወረቀቱን ይዤ ስወርድ አንዱ «ታታ፣ ዛሬ ደግሞ ጃፓን ምን አለች?» አለኝ። «አትግቡ ብላለች» አልኩ። ሳቁ። ዳሪዮ አልሳቀም። «ባለፈው ውሃው ተኝቷል ብለህ አነበብክልን፤ አሁን ነቃ ልትለን ነው?» አለ። «ያኔም አልተኛም ነበር» አልኩት።

አላመኑኝም። እኔም ብሆን ራሴን አላምንም። ስለዚህ ቤት ሄጄ የናናሽን ጨርቅ አመጣሁ። አንድ ባልዲ ከዳርቻው ቀድቼ ሁሉም እያየ በጨርቁ አጠለልኩትና ወደ ፀሐይ ዘረጋሁት። ቁንጫው ይዘላል፤ የሊያው ጓል ደግሞ እንደ ተፈጨ ቅጠል ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። አሊንግ ኮርዲንግ ጠጋ ብላ አየችና «ይህን ሁሉ አንሥተህ ነው ለልጅቷ የላክኸው?» አለች። «አዎ።» «ለምን?» «ዘመዴ ናታ! ነፍሳት ያለበት ውሃ ልላክላት?» አልኳት። እንዲህ የሳቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ታታ ወንፊት ነው። ፓድሬው እንኳ አንድ ጊዜ አምልጦት ጠርቶኛል።

ሳን ሁዋን በፓምፕ ውሃ ተከበረ። ኮረብታው ላይ ተሰልፈው እየቀዱ እየተረጫጩ ዋሉ፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። ከማኒላ የመጡት አኩርፈው ሁለት ጀልባ ሆነው ወደ ሌላ ዳርቻ ሄዱ። ሐይቁ ውስጥ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም የዳሪዮ ዋርሳ ነው፤ ሰክሮ ነው የገባው፣ በገመድ ጎትተን አወጣነው። አሁን ድረስ ደህና ነው፤ በየጠዋቱ እየሄድኩ ዓይኑን አያለሁ፣ ሰልችቶታል። የልጆቹንም አያለሁ። ቀድመው ከእናቶቻቸው ጋር የወረዱ አሉና አያስቀምጠኝም።

ስለ ንባቡ ግን ሌላ ሰው ሳይጽፍልሽ እኔው ልንገርሽ። ሳቁ በረድ ሲል ደብዳቤሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ናናሽ ካልሄድኩ ብላ ወንበር ይዘውላት መጥተው ከኋላ ተቀምጣለች። ሰው ቢጫ ዓይኗን ሲያይ ያኔ ነው ተጠግቶ ያዳመጠኝ። ሁሉንም አነበብኩ፤ ጨርቁን፣ ጓሉን፣ የኪዮቶውን፣ ስለ ናናሽ የጻፍሽውንም አነበብኩት። ጥፋቱን በእኔ ላይ ያድርጉት ያልሽበት ጋ ስደርስ እሱን ሳላነብላቸው ወረቀቱን አጠፍኩት።

ናናሽ ጠዋት አንብባው ነበርና ከኋላ ሆና «ቀጥል እንጂ ፒሎ፣ አላለቀም» አለች።

«አልቋል» አልኳት።

ታታሽ ፒሎ